ማሲንቆው ምን አለ?

አንድ አዝማሪ ነበር፤ ቢያድግልኝ የሚሉት። በዚያ አገር እሱ ያልተገኘበት ሰርግ ሰርግ አይባልም፣ እሱ ያላነሳው ስምም ስም አይባልም ነበር። ምላሱ ለቸር ማር፣ ለንፉግ በርበሬ ነው። የገባውን እንግዳ ሁሉ በአባቱና በፈረሱ ስም እየጠራ ወደ ላይ ይሰቅለዋል፤ ሽልማቱ የዘገየ እንደሆነ በዚያው ግጥም ዝቅ አድርጎ ቆንጠጥ ያደርገዋል፤ የተቆነጠጠውም ሰው ሌላው እንዳይስቅበት ራሱ ቀድሞ ይስቃል። እንግዳው የራሱን ግጥም ይዞ «ተቀበል» ካለውም ተቀብሎ፣ አሳምሮ፣ ከጨዋታ ጋር ይመልስለታል። ሕዝቡም የእሱን ቃል እየሰማ፣ ከሰሙ ሥር የተደበቀውን ወርቅ እየፈለገ፣ ጆሮውን አቁሞ ይቀመጣል።

ማሲንቆውስ? ማሲንቆውማ አለ፤ በጉልበቶቹ መካከል ቆሞ ያጅባል። ቢያድግልኝ ስለ እሱ ሲጠየቅ፣ «ማሲንቆ ለቃል በቅሎ ማለት ነው፤ ጌታውን ደጅ ያደርሳል እንጂ ግብር አይገባም» ይል ነበር። ሰውም ይስቅለታል። እሱ ግን ለቀልድ ብቻ አልነበረም የሚለው፣ የምሩን ነው።

በአንድ የጥር ወር ሁለት እልኸኛ ወገኖች ተጋቡ። የወንዱ ወገን አንድ ሲወደስ የሴቷ ወገን ሁለት ካልተወደስኩ ይላል፤ የሴቷ ወገን ሁለት ሲወደስ የወንዱ ወገን ተነሥቶ ጎራዴውን ይነቀንቃል። ሰርጉ ሲያልቅ የቢያድግልኝ ድምፅም አብሮ አለቀ። ጠዋት ተነሥቶ ሚስቱን እናኑን ቁርስ ሊጠይቅ አፉን ቢከፍት ነፋስ ብቻ ወጣ።

እናኑ ነጭ ሽንኩርት በማር ሰጠችው፤ ፌጦ በጥብጣ አጠጣችው፤ ጤና አዳም አሸተተችው። ጎረቤቶቿ እየመጡ «ምነው፣ ምን ነካው?» ሲሉ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ታስረዳለች። እውነቱን ለመናገር ግን ቤቱ ጸጥ በማለቱ ሳትደሰት አልቀረችም። ከተጋቡ ወዲህ የጀመረችውን ወሬ ሳይቀማት የጨረሰችው በዚያ ሳምንት ነው።

ቢያድግልኝ ግን ሥራ ፈቶ መቀመጥ አልቻለም። ማሲንቆውን አነሣና የድሮ ዘፈኖቹን መጫወት ጀመረ። እጁ ቃሉ ወደነበረበት ቦታ ይሄዳል፤ ቃሉ የለም። ቦታው ጎዶሎ ሆኖ ሲሰማው በጣቱ ሊሞላው ይሞክራል። እንዲህ ሲሞላ፣ ሲያፈርስ፣ ደግሞ ሲሞላ ሰንብቶ አንድ ቀን የማንም ዘፈን ያልሆነ ዜማ ከእጁ ወጣ። ዜማው ከታች ይነሣና እንደ ዳገት መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ሁለት ጊዜ ቆም ይላል፤ ጫፍ ደረሰ ሲሉት ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን በመጣበት አይመለስም።

እናኑ ጥጥ እየፈተለች ነበር። እንዝርቷ ቆመ። «አንተ፣ ይህን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» አለችው።

ትከሻውን ሰበቀ።

«ማሲንቆ ስትጫወት ገና ዛሬ ሰማሁህ። እስከ ዛሬ ስትለፈልፍ ነበር የምሰማህ» ብላ ወደ ፈትሏ ተመለሰች። ቢያድግልኝ ሙገሳ ይሁን ስድብ አልለይለት ብሎ ሲያስበው ዋለ። እንዳይመልስላት ድምፅ የለውም። ዜማውን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይጫወት አልዋለም።

በዚህ መካከል ከፊታውራሪ ወንድይራድ ዘንድ ጥሪ መጣ። ፊታውራሪ የዚያ ቀበሌ ጌታ ናቸው። አዲስ አዳራሽ አሠርተው፣ አገሩን ሁሉ ጠርተው ሊያበሉ ነው። ጌታ ጠርቶት የቀረ አዝማሪ ጌታውን ናቀ ይባላል፤ ጌታውን የናቀ አዝማሪ ደግሞ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠራውም። ቢያድግልኝ ማሲንቆውን አንግቶ ሄደ።

በር ላይ አጋፋሪው ተቀበለው። አጋፋሪ ማለት እንግዳ የሚያስገባና የሚያስቀምጥ፣ ጠጁንም የሚያዝ የግብር ሹም ነው። ቢያድግልኝ «ድምፄ ጠፍቷል» ለማለት ጉሮሮውን በጣቱ አመለከተ። አጋፋሪው «ገባኝ» ብሎ አንድ ብርሌ ጠጅ አስቀዳለት። ጠጥቶ እንደገና አመለከተ። ሁለተኛ ተቀዳለት። ሦስተኛ ሲያመለክት አጋፋሪው ፊቱ ተለወጠ፤ ለምን እንደተለወጠ በኋላ ታውቋል። ቢያድግልኝም በጉሮሮው የሚያስረዳው ነገር እንደሌለ አይቶ ገባና ተቀመጠ።

ከምሳው በኋላ «አዝማሪው ይጫወት» ተባለ። ደጋኑን ከገመዱ ላይ አሳረፈና ያን ዜማውን ጀመረ።

እንግዳው ሁሉ ግጥሙን መጠበቅ ያዘ። «ሊጀምር ነው» አለ አንዱ። ዜማው ዳገቱን ወጣ። «መግቢያው አልረዘመም?» አለ ሌላው። «ዛሬ ትልቅ ነገር ሊናገር ነው፤ ለትልቅ ነገር መግቢያው ይረዝማል።» ዜማው ተመለሰ፣ ወረደ፣ አለቀ። ቢያድግልኝ ደጋኑን አስቀምጦ እጅ ነሣ።

ከዚያ ሹክሹክታ ተነሣ። የዚያ አገር ሰው አዝማሪ ሲናገር ከቃሉ ሥር ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ሳይናገር ሲቀርማ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚፈልግ አስቡት። አንድ ሽማግሌ ጢማቸውን እያሹ፣ «አዝማሪ አፉን የሚዘጋው ሲፈራ ነው። የሚፈራው ደግሞ የሚያስፈራ ነገር ሲይዝ ነው። የያዘውን በገመድ ተናግሮታል» አሉ። ይህን የሰማ ሁሉ ዜማውን በልቡ እየደገመ ቃል ይገጥምለት ጀመር። በከፍተኛው ወንበር ላይ ፊታውራሪ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ከሞሰቡ ላይ አኖሩት። ከዚያ ብድግ ብለው፣ «በሕግ አምላክ፤ ይህ ሰው በገዛ አዳራሼ ሰድቦኛል» አሉ።

ቢያድግልኝን ያዙት፤ ማሲንቆውንም ነጠቁት። በአገሩ ሕግ አዝማሪ ጌታ መስደቡ ከተመሰከረበት ማሲንቆው ይሰበራል፤ እሱም ከአገር ይወጣል። ቢያድግልኝ እርሻ አያውቅ፣ ንግድ አያውቅ፤ ማሲንቆው ከተሰበረ እናኑን ምን እንደሚያበላት አያውቅም።

በቀጠሮው ቀን ነገሩ በአደባባይ ቀረበ። ዳኛው ከንጉሡ ዘንድ የተሾሙ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ፍርዳቸው የቀና ነው ይባላል፤ ይሁንና አንድ ክፉ ጥርስ አለቻቸው፣ ረጅም ወሬ ሲሰሙ ታማቸዋለች። ስለዚህ ባለጉዳይ ሁሉ ነገሩን አሳጥሮ ይቀርባል።

«ፊታውራሪ፣ ምን ብሎ ሰደበዎ?» አሉ ዳኛው። «የስድብ ክስ ቃሉ ካልተጠራ አይቆምም። ያለውን እንዳለ ይናገሩ።»

ፊታውራሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ግራ ቀኝ አዩ። «‹የጎረቤትህን የእማሆይ ላቀችን ድንበር ገፍተህ፣ አጥርህን በመሬታቸው ላይ አጠርህ› ብሎኛል።»

እማሆይ ላቀች ከሕዝቡ መካከል መቁጠሪያቸውን ይዘው ቆመው ነበር። «እኔኮ ድንጋዩን ጎርፍ የወሰደው መስሎኝ ነበር» አሉ በለሆሳስ።

«ይህን ሁሉ በማሲንቆ?» አሉ ዳኛው።

«አዎን። ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣው ከታችኛው ማሳ ወደ ላይኛው ሲል ነው። ሁለቴ ቆም ያለው ደግሞ ሁለቱን የድንበር ድንጋዮች ሲቆጥር ነው። ማንም ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው።»

«ገፍተዋል?»

«አልገፋሁም። ግን ማን ነገረው?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል እንዲህ ነው። ዳኛው ጥርሳቸውን በምላሳቸው ነካ አድርገው ምስክር ጠሩ።

አጋፋሪው ምሎ ቀረበ። ላቡ ይንጠባጠባል። «እውነቱን እንድናገር ምያለሁ። አዝማሪው ጌታዬን አንድም ነገር አላለም። የተናገረው እኔን ነው። ‹ከጠጁ ጋን እየቀዳህ ለቤትህ ወስደህ፣ የጎደለውን በወንዝ ውኃ ሞላኸው› አለኝ። ገና በር ላይ ጉሮሮውን እያሳየ ‹ይህ ጠጅ ጉሮሮ አይነካም› ሲለኝ ነው የጀመረው።»

ፊታውራሪ ወደ አጋፋሪያቸው ዞሩ። «ለዚህ ነው እንዴ በቤቴ ሰው የማይሰክረው? እኔ እኮ እንግዶቼ ጨዋዎች ናቸው እያልኩ እኮራ ነበር።»

ቀጥሎ ባሻ ዘለቀ የሚባሉ ሽማግሌ ወታደር ቀረቡ። እሳቸው ደግሞ ደረታቸውን ነፍተው፣ «እኔ ስድብ የሚባል አልሰማሁም። አዝማሪው ስለ እኔ ዝሆን መግደል ሲያወራ ነበር። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነጠላዬን ሸለምሁት» አሉ። ሕዝቡ ጉምጉም አለ። ባሻ በዕድሜያቸው የገደሉት አንድ ጅብ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ጅቡም ቀድሞ ሞቶ ነበር የሚሉ አሉ።

በዚህ ጊዜ የፊታውራሪ ባለቤት ወይዘሮ የሻረግ ማንም ሳይጠራቸው ብድግ አሉ። «እንግዲህ የሁሉም ከተሰማ የእኔም ይሰማ፣ ጌታዬ ዳኛ። ለእኔ የነገረኝ ‹ባልሽ በገበያ ቀን የት እንደሚውል ጠይቂው› ብሎ ነው። እስኪ እርስዎ ይጠይቁልኝ፤ ለእኔ አይነግረኝም።»

ፊታውራሪ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። ክሱን ባላነሣሁት ኖሮ ብለው የተመኙት በዚያች ሰዓት ይመስለኛል። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል።

ዳኛው አገጫቸውን በእጃቸው ደገፉ። «አንድ ገመድ ነው፤ የሰማሁት ግን የአንድ ቀበሌ ኃጢአት ነው» አሉ። «አንተ አዝማሪ፣ ድምፅ እንደሌለህ ተነግሮኛል። እንደምንም ብለህ ታስረዳ እንደሆነ አስረዳ።»

እዚህ ላይ ማንም የማያውቀው ነገር ነበር። የቢያድግልኝ ድምፅ በዚያው ጠዋት መመለስ ጀምሯል። ቀጭን ናት፣ ትንቀጠቀጣለች፤ ግን ድምፅ ናት። አንድ ግጥም ትበቃለች። ግጥሟም ምላሱ ላይ ተዘጋጅታ ነበር፦

«የፊታውራሪን ደጅ የረገጠ እግር፣
ዳግም አይመኝም የሌላ ሰው አገር።»

ይህን ቢል፣ «ማሲንቆዬ ያለው ይህን ነው» ቢል፣ ሁሉም ያምነዋል። ፊታውራሪ ከጭንቅ ይወጣሉ፤ አጋፋሪው ይተነፍሳል፤ እሱም ማሲንቆውን ይዞ፣ ምናልባትም ካባ ለብሶ፣ ወደ እናኑ ይገባል። አፉን ከፈተ።

ግን ከነጋ ጀምሮ አንድ ነገር ሲያንገበግበው ነበር። ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ «ጥሩ ነው» አላለም። «መጥፎ ነው» ያለም የለም። ያ ሁሉ ቀን የደከመበት ዜማ በእያንዳንዱ ጆሮ ሲገባ እያንዳንዱ የራሱን ሆድ ሰምቶ ወጣ። አሁን እሱም ቃል ቢያለብሰው ማሲንቆው ይተርፋል፤ ዜማው ግን ከእንግዲህ ለዘላለም የፊታውራሪ ደጅ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ያንን ዜማ ይወደው ነበር። ቃል ሰጥቶት የማያውቀው ብቸኛ ልጁ ነው። አፉን ዘጋና እጁን ወደ ማሲንቆው ዘረጋ።

«ያለውን ይድገመው፤ እኔም አልሰማሁትም» አሉ ዳኛው። ማሲንቆው ተሰጠው።

ገና ደጋኑን ሲስብ ፊታውራሪ፣ «ይኸው፣ ‹ድንበር› አለ» አሉ። አጋፋሪው፣ «የለም፣ ‹ጠጅ› ነው ያለው» አለ። ባሻ ዘለቀ በዜማው ላይ የዝሆናቸውን ነገር ማንጎራጎር ጀመሩ። ዳኛው ዝም በሉ አሉ። ዝም አሉ፤ ወዲያው ከንፈሮች ሁሉ መንቀሳቀስ ጀመሩ። እንደገና ዝም በሉ ቢሉ ያው ነው። ጥርሳቸው ጠዘጠዘቻቸው።

«ውኃ አምጡ» አሉ በመጨረሻ። አንድ እንስራ ውኃና ዋንጫዎች መጡ። «ሁላችሁም አፋችሁን ሙሉ። ገመዱ ዝም ሳይል ውኃውን የዋጠም ሆነ የተፋ ነገሩን ተረትቷል። ባዶ አፍ ቃል ሲፈልግ ያድራል፤ እስኪ የሚይዘው ነገር እንስጠው።» ከዚያ ራሳቸው ቀድመው ሞሉ።

ዋንጫው ቢያድግልኝ ጋ ሲደርስ ቀጂው ሊያልፈው ነበር፤ ድምፅ ለሌለው ሰው ውኃ ምን ያደርግለታል? ቢያድግልኝ ግን ዋንጫውን ነጥቆ ጉንጩ እስኪወጠር ሞላ። ራሱን ያውቃል። ያቺ ቀጭን ድምፅ አፉ ውስጥ እያለች ዜማው ሲያልቅ አንዲት የዳኛ ሙገሳ ጣል ሳያደርግ አይቀርም።

ቀና ብሎ ቢያይ የአገሩ ሰው ሁሉ ጉንጩን ነፍቶ ተደርድሯል። ባሻ ዘለቀ የፊት ጥርስ ስለሌላቸው ከንፈራቸውን በመዳፋቸው ደግፈዋል። ዳኛው ቀዝቃዛው ውኃ ክፉዋን ጥርሳቸውን ስላገኛት አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ በአንዱ ብቻ ችሎቱን ይመራሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ቢያድግልኝ ከዚህ የዓመት ግጥም ያወጣ ነበር። ዛሬ ግን ፈራ። ዕድሜውን ሙሉ ከቃል ጀርባ ቆሞ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው፤ አሁን የሚከልለው የለም። ደጋኑን ሳበ።

ፊታውራሪ መጀመሪያ ዐይናቸውን አፍጥጠው ድንበሩን ይጠብቁ ነበር። ዜማው ወደ ላይ ወጣ፤ ድንበሩ የሚጠራበት ቦታ ደረሰ፤ አለፈ። ቃሉን ከንፈራቸው ላይ ቢፈልጉት ውኃ ብቻ አገኙ። ሌላ የሚሠሩት ነገር ስላልነበራቸው ሰሙ። ሁለቴ ቆም ሲል እሳቸውም ትንፋሻቸውን ያዙ። ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ቅንድባቸው አብሮት ተመለሰ፤ ባልመጣበት መንገድ ሲወርድ ግን ወዴት ሊሄድ ነው ብለው ወደፊት ዘንበል አሉ። አንድ ጊዜ ትከሻቸው ሳያስፈቅዳቸው ንቅንቅ አለ። ማን እንደነካቸው ለማየት ዘወር አሉ፤ ከኋላቸው ማንም የለም። እማሆይ ላቀች መቁጠሪያቸው ከእጃቸው ላይ ቆሟል። ወይዘሮ የሻረግ ዐይናቸውን ጨፍነዋል። አጋፋሪው የሚያለቅስ ይመስላል፤ ከላቡ ለመለየት ግን ያስቸግር ነበር።

ደጋኑ ቆመ፤ ገመዱም ዝም አለ። ማንም አልዋጠም። ሕዝቡ ጉንጩን እንደነፋ ቀረ። ሊዋጥ እንደተፈቀደ ያስታወሱት ዳኛው ናቸው፤ እሳቸውንም ያስታወሰቻቸው ጥርሳቸው ናት።

«ፊታውራሪ፣ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ።

ፊታውራሪ ውኃውን በቀስታ ዋጡ። ብዙ አሰቡ። «ምንም አላለም» አሉ።

«ስለ ድንበር?»

«አላለም።»

«አጋፋሪ፣ ስለ ጠጅ የሰማኸው አለ?»

አጋፋሪው አፉ እንደሞላ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«እንግዲያው ስድብ የለም። አዝማሪው ከማሲንቆው ጋር በሰላም ይሂድ» አሉ ዳኛው። «ድንበሩን ግን እርስዎ ነዎት፣ ፊታውራሪ፣ በአደባባይ የተናገሩት። ነገ ከእማሆይ ጋር ሆነን ድንጋዩ ያለበት ድረስ ወርደን እናየዋለን።»

ሕዝቡ ፊታውራሪ ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ። ወይዘሮ የሻረግም ስለ ገበያው ቀን ሊያስታውሱ አፋቸውን አሰናዱ። ፊታውራሪ ግን፣ «እሺ፣ ነገ ይሁን» አሉና ዋንጫቸውን እንስራውን ወደያዘው ሰው ዘረጉ። «አሁን ሙላልኝና ይድገመው።»

የነገሩ ትምህርት ሩቅ አይደለም። ሆዱ ነገር የያዘ ሰው ወፍ ስትንጫጫም የእሱን ስም የጠራች ይመስለዋል። ቃል የሌለው ነገር ሲገጥመን፣ ዜማም ይሁን የጎረቤት ዝምታ፣ ባዶ ዕቃ ያገኘን እየመሰለን የራሳችንን እንሞላበታለን፤ ከዚያ የሞላነውን መልሰን አውጥተን ሌላውን እንከስበታለን። ሠርቶ ለሰው የሚያቀርብም ቢሆን የቢያድግልኝን ፈተና ያውቀዋል፤ ሥራው ያላለውን ብሏል ብሎ መሸለም ቀላል ነው። ሥራውን እንደሠራው ትቶ ዝም ማለት ነው የሚከብደው።

እስኪ እርስዎም ያስቡት። ባለፈው ሰሞን «ምን ማለቱ ነው?» ብለው የተቀየሙት ያ ሰው፣ እውነት የተናገረው ነገር ነበር? ወይስ ያን ጊዜ አፍዎ ውስጥ ውኃ አልነበረም?